ሳሙራይን በእግር ጉዞ ፍጥነት ለማስኬድ፦ ትራንስፈር ይቀየር ወይስ ዲፈረንሻል?

ጠያቂ፦ የደጋው
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ እርሻ ላይ የምትሰራ ሱዙኪ ሳሙራይ አለችን፤ 1.3 ካርቡሬተር፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ጎማዋ 235/75 አር 15። ድንች ሲለቀም ስድስት ኩንታል የጫነ ተጎታች እየሳበች ከለቃሚዎቹ ጎን በሰዓት 2 ኪ.ሜ. ገደማ መሄድ አለባት። በ4 ሎው (አራቱም ጎማ በሚጎትትበት ዝግተኛ ማርሽ) አንደኛ ላይ እንኳ ትቀድማቸዋለች። ሾፌሩ በግማሽ ፍሪሲዮን ስለሚይዛት ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል። አንዱ መካኒክ የኤስጄ 410 (ከሳሙራይ በፊት የነበረችው ሱዙኪ) ዲፈረንሻል፣ ሌላው የ410 ትራንስፈር (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው፣ ሃይና ሎው ያለው ሳጥን) ይግባላት ይላል። የቱ ያዋጣል?

መልስ፦ ባለ ካምቢዮ
ወንድሜ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ሂሳቡን እንስራ። የሳሙራይ አንደኛ ማርሽ 3.652፣ የትራንስፈሩ ሎው 2.268፣ ዲፈረንሻሉ 3.727 ነው። ሦስቱን ስታባዛቸው 30.9 ይመጣል፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 31 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩን በደቂቃ 900 ዙር ላይ አድርገህ በዚህ ጎማ ስትሄድ ፍጥነትህ 3.9 ኪ.ሜ. በሰዓት ይሆናል። ለቃሚዎቹን የምትቀድመው ለዚህ ነው።

የኤስጄ 410 ትራንስፈር ሎው 2.511 ነው፤ ጠቅላላውን ወደ 34.2፣ ፍጥነቱን ወደ 3.5 ያወርደዋል። የ410 ዲፈረንሻል (4.111) ብቻውን ቢገባም ውጤቱ ያው ነው። ሁለቱም 10 በመቶ ገደማ ነው የሚሰጡህ፣ አንተ የምትፈልገው ግማሽ መቀነስ ነው። ለሳሙራይ ትራንስፈር የሚሸጥ 4.16 የሎው ጥርስ ስብስብ አለ፤ እሱ 56.6 ያደርሰዋል፣ በ900 ዙር 2.1 ኪ.ሜ.። ለአንተ ሥራ የተሰፋ ነው። 4.9ም 6.5ም አሉ፣ ግን እነሱ ለድንጋይ መውጣት ናቸው፤ በእርሻ ላይ ጉልበቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ዕቃ ይሰብራል።

መልስ፦ ጥርስና ኩሽኔታ
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ዲፈረንሻል የሚለውን ሐሳብ ተወው፦ የፊቱና የኋላው እኩል ካልሆኑ በ4 ጎማ ስትነዳ የጉልበት ማስተላለፊያ መስመሩ ራሱን ይጠመዝዛል። ስለዚህ ሁለት ገዝተህ ሁለቱንም ማስተካከል አለብህ፤ የጎን አክሱ የጥርስ ቁጥርም ላይገጥም ስለሚችል ሳትቆጥር እንዳትገዛ። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያው ይሳሳታል። ትራንስፈሩ ውስጥ ያለውን ጥርስ ስትቀይር ግን መለኪያው ከመውጫው ዘንግ ስለሚያነብ አይነካም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሳሙራይ ትራንስፈር ከካምቢዮው የተለየ ነው፤ በአጭር ዘንግ ይያያዛሉ፣ ስለዚህ ካምቢዮ አይወርድም። ዘይቱን አፍስስ። ሦስቱን ዘንጎች ከማላቀቅህ በፊት በፍላንጆቹ ላይ ምልክት አድርግ፤ አለበለዚያ ስትመልሰው ንዝረት ያመጣል። የፍጥነት መለኪያውን ገመድ፣ የ4 ጎማ መብራት ሽቦና የማርሽ ዘንጉን ንቀል፣ ከሥሩ በክሪክ ደግፈህ አውርድ። ስትከፍተው የማርሽ ሹካዎቹን የሚይዙ ትንንሽ ኳሶችና ሞላዎች ተወርውረው ይወጣሉ፤ ጨርቅ አንጥፍ። አንዷ ከጠፋች ትራንስፈሩ ጭነት ላይ ከሎው ይዘላል፣ ሰውም ጥርሱ ነው ብሎ እንደገና ያስከፍተዋል።

ጥርሱን እንደ ስብስቡ ሁሉንም ቀይር፤ አሮጌና አዲስ ጥርስ አብሮ ሲሠራ ይጮሃል፣ ከዚያም ይላጫል። ከተከፈተ አይቀር ኩሽኔታዎቹንና የዘይት ሲሎቹን አሳድስ፣ ሁለተኛ መክፈት ከዋጋቸው ይበልጣል። ትልቁ ጥርስ ግድግዳውን ሊነካ ስለሚችል፣ ሲሊኮን ሳትቀባ ሰብስበህ በእጅ አዙረው። ከነካ የነካበትን ብቻ በመጠኑ ሞርድ፣ ብናኙን በነዳጅ አጥበህ አጽዳ። ዘይቱ 80 ደብልዩ 90 ነው፣ 0.8 ሊትር ገደማ፤ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪያፈስ ድረስ።

መልስ፦ ሶማሌ ተራ
ስብስቡ እዚህ ተደራጅቶ አይገኝም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። የሚያመጣልህን ሰው የሳሙራይ ትራንስፈር መሆኑን ብቻ ሳይሆን ባንተ ትራንስፈር ላይ ያለውን የመግቢያ ዘንግ ጥርስ ብዛት ጭምር ንገረው። ስብስቡ በሃይ (ለመንገድ በሚሆነው ፈጣን ማርሽ) የምትሄድበትን ፍጥነትም 12 በመቶ ያህል ያወርዳል። ያ ጉዳት አይደለም፤ ጎማህ ከመጀመሪያው 205/70 ወደ 10 በመቶ ስለሚተልቅ፣ በአስፋልት ላይ በ80 ኪ.ሜ. በአምስተኛ ማርሽ ሞተሩ ከ2,500 ወደ 2,800 ዙር ከፍ ይላል፣ ይህም በፋብሪካው ጎማ ከነበረው ጋር ይቀራረባል። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን ስለሚያጣ ዳገት ላይ ይረዳዋል።

ጠያቂ፦ የደጋው
አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ ቀድሞ የሚሰበረው ምኑ ነው? መሬቱ ሲደርቅም ሎው ላይ መንዳት አለብን።

መልስ፦ ባለ ካምቢዮ
ቀድሞ የሚሄደው የትራንስፈሩ የላስቲክ መቀመጫ ነው። ትራንስፈሩ በሦስት እጆች ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ጉልበቱ ሲጨምር ይጣመማል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል። ያኔ ከካምቢዮ የሚመጣው አጭር ዘንግ ይዛባና ክሮቸራው ያልቃል። ስታወርደው ላስቲኮቹን በአዲስ ቀይር፣ በየወሩም እጅህን አስገብተህ ስንጥቅ መኖሩን ዳስስ። ሁለተኛው የፊት ጎማው መጋጠሚያ ነው፤ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሮ ነዳጅ መርገጥ ይሰብረዋል። ሾፌሩ በመስመሩ ጫፍ ሲታጠፍ ሰፋ አድርጎ ይዙር።

ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ከሆነ፣ የፊት ቸርኬው ሎክ በእጅ የሚዞር ዓይነት ከሆነልህ «ፍሪ» ላይ አድርገው፤ ማንሻው 4 ሎው ላይ ሆኖ የሚጎትተው የኋላው ብቻ ይሆናል፣ መስመሩም አይጠማዘዝም። ይህ ግን ለሜዳ ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን አንድ አክስ ስለሚሸከመው ጭነት ይዘህ ዳገት ስትወጣ መልሰህ ቆልፈው።

መልስ፦ ተጎታች
አንድ ነገር ልጨምር። 4.16ቱ ከምታቆመው በላይ እንድትስብ ያደርግሃል። ስድስት ኩንታልና የተጎታቹ ክብደት ተደምሮ ከመኪናዋ ክብደት ብዙም አያንስም፤ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው እርጥብ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ይገፋታል። ሎው አንደኛ ላይ ሞተሩ ይይዛታል፣ ግን የኋላው ጎማ ከተንሸራተተ ፍሪሲዮን አትርገጡ፣ በትንሹ ነዳጅ ስጧት። ቁልቁለት ያለበት ማሳ ላይ ጭነቱን ወደ ሦስት ኩንታል አውርዱት።