የ15 ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ናይሮቢ ልሄድ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጥሩ ካመጣሽ ውጭ አገር ይዤሽ እሄዳለሁ ብያት ነበር። አመጣችው! እሷ ዱባይ ትላለች፤ የእኔ ኪስ ናይሮቢ ይላል። ነሐሴ ውስጥ ለአራት ቀን አስበናል። ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል? እናቷ እዚሁ ናት፣ አባቷ ግን ውጭ ነው የሚኖረው። ደግሞስ ከስልኳ ቀና የሚያደርጋት ነገር እዚያ አለ?

መልስ፣ ከለገጣፎ
ናይሮቢ ይሁን። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ የለውም፣ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዱባይ በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሞል ሞል ስትሸሹ ነው የምትውሉት።

ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ፓስፖርቷ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። ከ18 ዓመት በታች ስለሆነችና ከወላጅ ጋር ስለማትጓዝ የሁለቱንም ወላጆች የፈቃድ ሰነድ ያዢ። እናቷ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳ ትፈርማለች። አባቷ ባለበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ ይፈርማል። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ጊዜ የሚበላው ይሄኛው ነው። እሱ ሳያልቅ ትኬት እንዳትቆርጪ። የወላጆቿ ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀትም አትርሺ።

መልስ፣ ከሰበታ
ቢጫ ወባ ተረሳ እኮ! ከኢትዮጵያ ኬንያ ሲገባ የክትባት ካርዱን ይጠይቃሉ። ክትባቱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻ ሳምንት ላይ አታድርጉት። አንዴ ከተወጋችሁ ለዕድሜ ልክ ነው።

መልስ፣ ከሱሉልታ
በሞያሌ በአውቶብስ ብትሄዱስ? ርካሽ ነው፣ ልጅቷም አገር ታያለች።

መልስ፣ ከለገጣፎ
አራት ቀን ብላለች እኮ ወንድሜ! ሞያሌ ራሱ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናይሮቢ ሳትደርስ አራቱ ቀን ያልቃል።

መልስ፣ ከቡራዩ
ናይሮቢ ኖሬያለሁ። የምመክርሽ አንዱን ቀን ሙሉ ለእሷ ልቀቂላት፤ ራሷ ትፈልግ፣ ራሷ ትምረጥ። በዚህ ዕድሜ እየጎተቱ ማዞር ትርፉ ኩርፊያ ነው።

ለቀሩት ቀናት፦ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የተከለለው፣ ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር። ቀጭኔው ከፊት፣ ፎቁ ከኋላ ሆኖ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ነው፤ ስልኳ እዚያ ጋ ቁም ነገር ይሠራል። ለውጭ ዜጋ መግቢያው ከኬንያዊው በጣም ይወደዳል። የሚከፈለውም በኦንላይን እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይደለም። እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት የሼልድሪክ ማዕከልም እዚያው ነው። ለጎብኚ የሚከፈተው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከ5 እስከ 6። አስቀድመሽ ቦታ ያዢ፣ ይሞላል። ላንጋታ ያለው የቀጭኔ ማዕከል ደግሞ ቀጭኔ በእጅ ያስመግባል።

ካሩራ ደን ብስክሌት ተከራዩ። ዋንጋሪ ማታይ ለግንባታ ሊሰጥ ሲል ተከራክራ ያዳነችው ደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኖቤል የተሸለመችው እሷ ናት። ማታቱም አንዴ በቀን ብርሃን ተሳፈሩ። የእኛ ሚኒባስ በሥዕልና በሙዚቃ አብዶ ሲመጣ አስቢው!

ሁለት ማስጠንቀቂያ። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፤ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። መሃል ከተማ መንገድ ላይ ደግሞ ስልክ ይመነተፋል፣ ከቦርሳ አይውጣ።

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ
እግዜር ይስጥልኝ! ለአባቷ ደውዬ ሰኞ ኤምባሲ እሄዳለሁ ብሏል። ልጅቷ ዝሆኖቹን ስታይ ዱባይን ተወችው። የት እንረፍ? ገንዘብና ልብስስ?

መልስ፣ ከቡራዩ
ኪሊማኒ ወይም ዌስትላንድስ። ኪሊማኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጡም። ዶላሩን ፓስፖርትና ትኬት ይዘሽ ባንክ ጠይቂ። እዚያ ስትደርሺ በፓስፖርትሽ የሳፋሪኮም ሲም አውጥተሽ ኤምፔሳ ክፈቺ፤ ብዙው ነገር በእሱ ይከፈላል። ነሐሴ ዝናቡ እንደኛ አይደለም፣ ግን ደመናና ብርድ ነው። ጃኬት ያዙ። ዳቦ ቆሎሽንም በፌስታል እንዳታስሪ፣ ኬንያ ፌስታል ከከለከለች ቆየች።

ሌላው ሰዓት ነው። በስዋሂሊ ሲያወሩ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን እንደ ፈረንጁ። ከሹፌር ጋር ስትቀጣጠሪ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጪ።

መልስ፣ ከቱሉ ዲምቱ
ጎረቤት፣ በረራው የንጋት ከሆነ በእኛ ሰፈር ሌሊት በአፕ ታክሲ ይገኛል ብለሽ እንዳትተማመኚ። ከዋዜማው የምታውቂውን ሹፌር ያዢ፣ ዋጋውንም ያኔ ጨርሺ።