ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለመርሳት በሽታ፦ ተስፋው ለአስታማሚ ይነገር ወይስ ይቆይ?

አስታማሚ ልጅ፦ እናቴ በአልዛይመር ከታመመች አራት ዓመት ሆኗታል። አቦሉን ቀድታ ትጨርስና ስኒዎቹ ሞልተው እያየች ጀበናውን እንደገና ታነሳለች። ሰሞኑን አንድ ዘመዳችን፣ የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የመርሳት በሽታን እንደሚያሽል ተረጋግጧልና ድኝ ወደሚሸትበት ፍልውሃ እንውሰዳት እያለ ይወተውተናል። እውነት ከሆነ ሐኪሞቿ ለምን አልነገሩንም?

ባዮኬሚስት፦ እህቴ፣ ወሬው መነሻ አለው። ይህ ጋዝ በገዛ አንጎላችን ውስጥ በጥቂቱ የሚመረት ሲሆን፣ የነርቭ ሕዋሳት ሥራን እንደሚያግዝ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 አመልክተዋል። በ2021 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ከእንግሊዙ ኤክሴተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ የሰው አልዛይመር ዘረ መል እንዲሸከሙ የተደረጉ አይጦችን ጋዙን ቀስ በቀስ የሚለቅ ውሁድ ለ12 ሳምንታት በመርፌ ሰጧቸው፤ መርፌውን ያገኙት አይጦች ከደማቅ ብርሃን የሚሸሸጉበትን ቀዳዳ አስታውሰው ሲገቡ ያላገኙት ግን መንገዱ ጠፋባቸው። የዚህም ምክንያት ተብራርቷል። ታው የተባለው ፕሮቲን በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ማገር ያያይዛል። ጂ.ኤስ.ኬ-3 ቤታ የተባለው ኢንዛይም ከልክ በላይ ፎስፌት ሲለጥፍበት ግን ተላቅቆ እርስ በርሱ ይተበተባል፤ የአልዛይመር አንዱ መገለጫም ይህ ነው። ጋዙ ኢንዛይሙ ላይ ሲያርፍ ይህን ሥራውን ይገታዋል። ይህን ለአስታማሚ መንገር ተገቢ ነው እላለሁ፤ እኛ ዝም ስንል ቦታውን የሚይዘው የፍልውሃው ወሬ ነውና።

ፋርማሲስት፦ በዚህ አልስማማም። አይጥ ላይ የሠራ ብዙ መድኃኒት ሰው ላይ ሲደርስ ወድቋል። የአልዛይመር መድኃኒት የሆነው ሌካኔማብ እንኳ በ1,795 ሕሙማን ላይ ለ18 ወራት ተሞክሮ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ ገደማ አዘገየ እንጂ የጠፋ ትዝታ አልመለሰም። ከዚህም በላይ ጋዙ ወዳጅ መሆኑ ራሱ አከራካሪ ነው። በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች በአልዛይመር በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ መጠኑ እጅግ ዝቅ ብሎ አገኙት፤ በ2021 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን በሕሙማን ደም ውስጥ ከፍ ብሎ አገኘው። ዳውን ሲንድረም (ከ21ኛው ክሮሞዞም ትርፍ ቅጂ ይዞ መወለድ) ያለባቸው ሰዎችም ጋዙን የሚያመርተውን ሲ.ቢ.ኤስ የተባለ ኢንዛይም ዘረ መል በሦስት ቅጂ ይዘው ይወለዳሉ፤ ጋዙ በሰውነታቸው ይበዛል፤ አልዛይመርም ከሌላው ሰው ቀድሞ ይይዛቸዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ተስፋ ብለን ለደከመ ቤተሰብ ብናቀብል እናሳዝነዋለን።

ባዮኬሚስት፦ የዳውን ሲንድረሙ ነጥብ ከባድ ነው፤ ነገር ግን በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው የአሚሎይድ ምንጭ የሆነው ፕሮቲን ዘረ መልም በዚያው በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ፣ የበሽታው ቀድሞ መምጣት በዋናነት የሚብራራው በእርሱ ነው። የደምና የአንጎል መጠንም የግድ አንድ አይደለም። እኔ የማምነው ማነሱም መብዛቱም ጉዳት እንዳለውና የጥናቱ ፍሬ ነገርም ውሁዱ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ መልቀቁ ላይ እንደሆነ ነው።

ፋርማሲስት፦ እንግዲያው በፍልውሃው ጉዳይ አንለያይም። እህቴ፣ ይህን ለዘመድዎ ያንብቡላቸው። በእንፋሎት የሚሳብ ጋዝ መጠን አይለካም። በብዛት ሲሳብ ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ሲደርስ ደግሞ አፍንጫ ሽታውን መለየት ያቆማል፤ በዚህ ጊዜ ሰው ጋዙ የጠፋ መስሎት እዚያው ይቆያል። እናትዎ ደግሞ አዞረኝ፣ አመመኝ ብለው ላይናገሩ ይችላሉ።

አስታማሚ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍልውሃውን ትተነዋል። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ፦ ያ ቀስ ብሎ ጋዝ የሚለቀው ውሁድ በሰው ላይ ሲሞከር፣ ውጤቱ ቢያምርም ቢከፋም፣ እኛ ቤት ለምንቀመጥ አስታማሚዎች ከዘመድ ወሬ ቀድሞ በአማርኛ የሚነግረን ማን ነው?