የእናቴ ሙዳይ፣ የብር መስቀልና የጣና ዳር የውኃ ተርብ፦ የቅርብ ፎቶግራፍ ከምን ይጀመራል?

የሰፊዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ከፎቶግራፍ ጋር የማይገናኝ ቢሆንም፣ ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜዬንና የእሑድ ጠዋትን ለዚህ ነገር መስጠት ከጀመርሁ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያለኝ መሣሪያ ያገለገለ ካኖን ካሜራ፣ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ፣ አንድ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና ቀለል ያለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ነው። እናቴ ከስንደዶና ከአክርማ ሙዳይ ትሰፋለች፤ ሥራዋን በቴሌግራም አይተው ለሚገዙ ሰዎች በሚገባ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ማንሣት እፈልጋለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን የብር መስቀል ነው። አንዲት ዘመዳችን የአንገት መስቀሏን እንዳነሣላት ሰጥታኝ ከመስኮት አጠገብ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ ባነሣው፣ የመስቀሉ ፊት ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ደግሞ ቅርጹ ፈጽሞ የጠፋ ነጭ ሆነ። አጉልቼ ስመለከተው የመስኮቱ ፍርግርግና ካሜራ የያዝሁት የእኔ ምስል በላዩ ላይ ይታያሉ። ፍላሽ ስጠቀም ባሰበት። የሙዳዩ ችግር ሌላ ነው፦ በእጅ ሲዳሰስ የሚታወቀው የስፌቱ ዙር በፎቶግራፉ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ወይን ጠጅ የተነከረው አክርማም ወደ ቡናማ ያደላል።

ሌላው ለራሴ ደስታ የማደርገው ነው። ከሐይቁ ዳር ደንገል ላይ የሚያርፈውን የውኃ ተርብ በቅርበት ማንሣት እወዳለሁ፤ ነገር ግን ዓይኑ ሲጠራ ክንፉ ይደበዝዛል፣ ክንፉ ሲጠራ ዓይኑ ይጠፋል። ገንዘብ አጠራቅሜ የማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን በጣም በቅርበት አጉልቶ የሚያነሣ ሌንስ) ልግዛ፣ ወይስ ባለኝ መሣሪያ አስቀድሜ ልማረው የሚገባኝ ነገር አለ? ከልምዳችሁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የፎቶ ቤት ሰው

ሌንሱን ለጊዜው ይተዉት። ስለ መስቀሉና ስለ ሙዳዩ የገለጹት ችግር የብርሃን ነው፤ ውድ ሌንስ ቢገዙም ያው ፍርግርግ ይበልጥ ጠርቶ ይታይዎታል እንጂ አይጠፋም። ለብዙ ዓመታት በፎቶ ቤት ስሠራ ከጉርድ ፎቶግራፍ ይልቅ ያስተማረኝ ሰዎች እያመጡ የሚያስነሡት የብር ጌጣጌጥ ስለ ነበር፣ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

የተወለወለ ብር መስተዋት ነው። መስተዋት ስናይ የምናየው በፊቱ ያለውን ነገር እንደ ሆነ ሁሉ፣ መስቀሉን ሲያነሡም የሚያነሡት በዙሪያው ያለውን ክፍል ነው። ብርሃን በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍበትና ከገጹ የሚመለስበት ማዕዘን እኩል ስለሆነ፣ ዓይንዎን በሌንሱ ቦታ አድርገው መስቀሉን ቢመለከቱ የትኛው የግድግዳ ክፍል እንደሚንጸባረቅበት ማወቅ ይችላሉ። ስለዚህ መስቀሉን ለማብራት ከመድከም፣ መስቀሉ ላይ የሚንጸባረቀውን ነገር ነጭ ማድረግ ይበጃል። እኔ የምጠቀመው ሁለት ሜትር ያህል ነጭ አቡጀዲ ነው። መስቀሉን ከመስኮቱ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ያስቀምጡ፤ አቡጀዲውን በመስኮቱና በመስቀሉ መካከል ወጥረው ጫፉን ከላይ እንደ ድንኳን ይመልሱት፤ በተቃራኒው በኩል ነጭ ካርቶን ያቁሙ፤ ለሌንሱ የሚበቃ ክፍተት ብቻ ይተዉ።

ይህን ሲያደርጉ መስቀሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ይሆንና ቅርጹ የጠፋ ይመስልዎታል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጣት የሚያህሉ ጥቁር የካርቶን ቁራጮች ቆርጠው፣ ካሜራው እንዳያያቸው አድርገው በመስቀሉ ግራና ቀኝ ያቁሟቸው፤ ጥቁሩ በጠርዙ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይንጸባረቅና የተቀረጸው ጥልፍልፍ ሁሉ ተለይቶ ይወጣል። ቁራጩን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ምስሉን በሙሉ ስለሚለውጠው፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በዚህ ብቻ ቢያሳልፉ አይቆጭዎ። ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ እንዲገዙ የሚመክሩዎት ይኖራሉ፤ እርሱ የውኃንና የመስታወትን ነጸብራቅ ይቀንሳል እንጂ በብረት ላይ ያለውን አያነሣም።

ሙዳዩ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ፣ ዝቅ ብሎ፣ ስፌቱን እየዳሰሰ የሚያልፍ ያህል ሆኖ ሲመጣ እያንዳንዱ ዙር በሚቀጥለው ላይ ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ እጅዎ የሚያውቀውን ለዓይን የሚያሳየው ያ ጥላ ነው። ለቀለሙ ደግሞ የክፍሉን አምፖል ያጥፉ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ቀለማቸው ስለሚለያይ ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይችልም። አምፖሉን ካጠፉ በኋላ በዚያው ቦታ ነጭ ወረቀት አንሥተው ካሜራው ነጩን ከዚያ ላይ እንዲወስን ያድርጉ።

ስለ መስኮት አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓ የተዘጋጁ ትምህርቶች ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት እንድንመርጥ ይነግሩናል፤ በእነርሱ አገር የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትውል ምክሩ ለእነርሱ ትክክል ነው። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይዋ በሚያዝያ አጋማሽ በአናታችን ላይ አልፋ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በእነዚያ ወራት ለስላሳ ብርሃን የሚሰጠው የደቡቡ መስኮት ነው፤ በቀሪው ዓመት የሰሜኑ። ክረምት ከገባ በኋላ ደግሞ ደመናው ራሱ እንደ ትልቅ አቡጀዲ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ሙዳዩን ከበረንዳ ጥግ አድርጎ ማንሣትም ይቻላል።

ማለዳ በደንገል

ስለ መስቀሉ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የምመልሰው ስለ ውኃ ተርቡ ነው። ዓይኑ ሲጠራ ክንፉ የሚደበዝዘው በእጅዎ ጥፋት አይደለም። አንድ ነገር በሴንሰሩ (በካሜራው ውስጥ ምስሉን በሚቀበለው ገጽ) ላይ በራሱ በተፈጥሮ መጠኑ ሲያርፍ፣ ማለትም 1 ለ1 ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ባለው ካሜራ በአፐርቸር (ብርሃን በሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) 8 ላይ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አፐርቸሩን እስከ 22 ማጥበብ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ቅርበት ላይ ሌንሱ 11 የሚለው ቁጥር ሴንሰሩ ዘንድ እንደ 22 ሆኖ ስለሚደርስ፣ ከዚያ በላይ ሲያጠቡት ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ እየተበተነ ምስሉ በሙሉ ይደበዝዛል። እኔ ከ8 እስከ 11 ባለው ውስጥ እቆያለሁ።

ጥልቀቱን ማብዛት ካልተቻለ፣ ያለችውን ቀጭን የጥራት ንጣፍ የት እንደምናሳርፋት መምረጥ እንችላለን። ክንፉን ዘርግቶ የሚያርፈውን ተርብ ከላይ ወደ ታች ያንሡት፤ ክንፉን በጀርባው ላይ አጥፎ የሚያርፈውን ቀጭኑን ዓይነት ደግሞ ከጎኑ፣ የካሜራው ጀርባ ከነፍሳቱ ሰውነት ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርገው ያንሡ። የሌንሱን ራስ ሰር ፎከስ (ምስሉን በራሱ የሚያጠራበትን ሥርዓት) ያጥፉ፤ የፎከስ ቀለበቱን አንድ ቦታ አቁመው በራስዎ ሰውነት ቀስ ብለው ወደ ፊት እየተጠጉ ዓይኑ ሲጠራ ይጫኑ።

ሰዓቱ ከመሣሪያው ይበልጣል። እነዚህ ነፍሳት ሰውነታቸው ሳይሞቅ መብረር ስለማይችሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ድረስ ጤዛ እንደ ለበሱ ደንገሉን ይዘው ይቆያሉ። ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውኃው ወደ ዳር ይነሣል፤ ያን ጊዜ ደንገል ላይ ያለን ነገር በማክሮ ማንሣት ከንቱ ድካም ነው። አደራ የምልዎ ግን፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ገና ሳይነጋ ብቻዎን ወደ ደንገሉ ውስጥ እንዳይገቡ ነው።

የማክሮ ሌንስ ሳይገዙ ለመጀመር በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይፈልጉ፤ ውስጡ ባዶ ቀለበት ስለሆነ ዋጋው ከሌንስ ጋር አይወዳደርም። በ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሲጨመር 1 ለ1 ይደርሳል። የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች ያሉትን ይምረጡ፤ ያለ እነርሱ አፐርቸሩን ከካሜራው መቆጣጠር አይችሉም።

ሌንስ ጠጋኝ

ከላይ ከተሰጠው ምክር በአንዱ አልስማማም። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቀለበት 1 ለ1 ሲደርስ ነፍሳቱ ከሌንሱ አፍንጫ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ሌንሱም ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ሕይወት ያለውንም ያስበረግጋል። ለሙዳይ ስፌትና ለቡና ፍሬ ቀለበቱ መልካም ነው፤ ለውኃ ተርብ ግን ያገለገለ ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ አግኝተው ከፊቱ ሬይኖክስ 150 የሚባለውን ተለጣፊ ሌንስ ቢያደርጉበት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ከ1 ለ1 የሚበልጥ ምስል ያገኛሉ።

ሌላው የምለምንዎ ስለ ሻጋታ ነው። በክረምት ወራት ከሐይቁ ዳር የሚመጡልኝ ሌንሶች ውስጣቸው የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ያበቀሉ ናቸው፤ መንሥኤው እርጥበት የያዘን ሌንስ በጨርቅ ወይም በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ ማስቀመጥ ነው። ከማለዳ ጉዞ ሲመለሱ ሌንሱን ጥርግ አድርገው ያድርቁት፤ ከዚያም አየር በማያስገባ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር ያኑሩት። ሻጋታው መስተዋቱን አንዴ ከበላው እኔም መልሼ ላድነው አልችልም።

የሰፊዋ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ እንዳሉት አቡጀዲ ገዝቼ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከመስቀሉ ጋር ዋልሁ። ጥቁሩን ካርቶን ሳቆም ከዚያ በፊት ጭራሽ ያላየሁት ጥልፍልፍ ብቅ ሲል ልቤ በደስታ ዘለለ። ሙዳዩን ደግሞ በጎን ብርሃን አንሥቼ ለእናቴ ሳሳያት፣ አክርማውን ያጠበቀችበትን ዙር ከላላው ለይታ በጣቷ አሳየችኝ፤ ወይን ጠጁም ወይን ጠጅ ሆኗል። በማለዳም ወጥቼ ጤዛ የለበሰ አንድ የውኃ ተርብ ከነሙሉ ክንፉ አግኝቻለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። መስቀሉን ጋደም አድርጌ በቅርበት ሳነሣው የፊተኛው ጫፍ ጠርቶ የኋለኛው ይደበዝዛል። አፐርቸሩን ከ11 በላይ ማጥበብ እንደማይበጅ ስለተረዳሁ፣ ሌላ መንገድ ካለ ብታሳዩኝ።

የፎቶ ቤት ሰው

አለ። መስቀሉ እንደ ተርቡ ስለማይንቀሳቀስ፣ የተለያየ ቦታ ላይ የጠሩ ብዙ ፎቶግራፎች አንሥቶ በኮምፒውተር አንድ ማድረግ ይቻላል። ካሜራውን በትራይፖድ አጥብቀው አፐርቸሩን 8 ላይ ያድርጉ፤ ብርሃኑንም የነጭ ሚዛኑንም (ካሜራው ነጩን የሚወስንበትን) በእጅ ወስነው ይቆልፉ፤ ከፊተኛው ጫፍ ጀምረው የፎከስ ቀለበቱን በጣም በጥቂቱ እያዞሩ እስከ ኋለኛው ጫፍ ድረስ ያንሡ። ጣትዎ ካሜራውን እንዳያናውጠው የ2 ሴኮንድ መቆያውን ይጠቀሙ። አንዱ የጠራበት ቦታ ሌላው ከሚጠራበት ጋር ጥቂት መደራረብ አለበት፤ ክፍተት ከተዉ በመካከል ደብዛዛ መስመር ይቀራል። ማዋሃዱን ፎቶሾፕ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራዋል፤ ለዚሁ ብቻ የተዘጋጀው ሄሊኮን ፎከስም አለ።

ከመጀመርዎ በፊት መስቀሉን በለስላሳ ጨርቅ ወልውለው ከዚያ በኋላ በባዶ ጣት አይንኩት፤ የአንድ ጣት አሻራ በሁሉም ፎቶግራፎች ላይ ስለሚደገም ለማጥፋት ከባድ ነው። መስቀሉን ለዘመድዎ ከመመለስዎ በፊት ይሞክሩትና ውጤቱን እዚሁ ያሳዩን።