አንባቢ የሚወደው የጌጣጌጥ ሌባ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ወደ 3,000 ቃል የሚጠጋ የወንጀል አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የጌጣጌጥ ሌባ ነው። አንባቢ እንዲወደው እፈልጋለሁ፤ ስለ ድንጋዮቹም ስህተት እንዳልጽፍ እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ደግ ነው ብለህ አትንገረን፤ ሥራውን ሲሠራ አሳየን። እጁ የተካነ ሰው ሌባም ቢሆን ይማርካል። በመጀመሪያዎቹ 300 ቃላት ውስጥ ሥራ ላይ ይግባ፤ የልጅነት ታሪኩን ካስቀደምክ ትረካው እዚያው ይቆማል። ደግሞ የማያልፈው አንድ ወሰን ይኑረው፤ ለምሳሌ የጋብቻ ቀለበት አይነካም። መሃል ላይ ያንን ወሰን የሚፈትን ነገር አምጣ። ተሰራቂውን ክፉ ሀብታም ማድረግ የተለመደ ነው፣ ግን ውሳኔውን ያቀልበታል። ተሰራቂዋ መልካም ሴት ትሁን።

መልስ 2፦ የከበሩ ድንጋዮች የሚመዘኑበት 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። ስለዚህ ባለ 5 ካራት አልማዝ 1 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ «እጁን አከበደው» ብለህ እንዳትጽፍ። መስታወት መቧጨርም አልማዝነትን አያረጋግጥም፣ ኳርትዝ የሚባለው ተራ ማዕድንም ይቧጭራል። በሙቀት የሚሠራው የአልማዝ መሞከሪያ ሞይሳናይትን፣ ማለትም አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይን፣ አልማዝ ነው ሊል ይችላል፤ ሌባህን የሚያሳስት ነገር ከፈለግህ ይኸውልህ። አንዳንድ አልማዞች ደግሞ ወገባቸው ላይ፣ ማለትም በዙሪያቸው ባለው ቀጭን ጠርዝ ላይ፣ በሌዘር የተጻፈ መለያ ቁጥር አላቸው፤ በ10 እጥፍ ማጉያ ይታያል። ቁጥሩን ከስርቆቱ በኋላ ይየው።

መልስ 3፦ እኔ ከአልማዝ ይልቅ አረንጓዴውን የከበረ ድንጋይ፣ መረግድን፣ እመርጣለሁ። አብዛኛው መረግድ ውስጡ ስንጥቅ ስላለበት በዘይት ይሞላል። ሌባህ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ (በድምፅ ሞገድ በሚያጸዳ መሣሪያ) ቢያጸዳው ዘይቱ ይወጣና የተሸፈነው ስንጥቅ ሁሉ ይገለጣል፤ ገዢውም ፊቱን ያዞራል።