ድምፁን ልከተል ወይስ ፊደሉን?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄያለሁና እርዱኝ። በአኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልሞች) ገፀ ባህሪያት ስም ውስጥ የተደበቁ ቁጥሮችን በደብተር እየሰበሰብኩ ነው። በጃፓንኛ "ኢቺ" 1፣ "ጎ" 5 ስለሆነ "ብሊች" የተባለው አኒሜ ዋና ገፀ ባህሪ ኢቺጎ 15 ይሆናል። የመኝታ ክፍሉ በር ላይም 15 አለ። "ዋን ፒስ" በተባለው አኒሜ ያለችው ናሚ ደግሞ "ና" 7፣ "ሚ" 3፤ ልደቷም ጁላይ 3፣ ማለትም በ7ኛው ወር በ3ኛው ቀን። እንዲህ ሲገጥምልኝ ደስታዬ ሌላ ነው!

የከበደኝ ይሄ ነው። ኢቺጎ በካንጂ (እያንዳንዱ ምልክት ትርጉም ባለው የጃፓን ጽሑፍ) ሲጻፍ "ኢቺ" በእርግጥም አንድ ነው፤ "ጎ" ግን "ከአደጋ መጠበቅ" ማለት እንጂ አምስት አይደለም። ድምፁን ብቻ ካየሁ ስንቱ የጃፓን ስም ቁጥር ሊሆንብኝ ነው። ጃፓንኛ የምትችሉ፣ ደራሲው ሆን ብሎ ያስገባውን ከአጋጣሚው በምን ትለያላችሁ? ከልደትና ከበር ቁጥር ሌላ ምን ልይ?