አዲስ አማኝ የቀድሞ ሕይወቱን መድረክ ላይ ይናገር? (ክርክር)

አወያይ፦ ከስካር፣ ከጥንቆላ ወይም ከወህኒ ሕይወት ወጥቶ ጌታን የተቀበለ ሰው ሳምንታት ሳይቆይ መድረክ ላይ ወጥቶ ያለፈውን በዝርዝር ይናገራል፤ ቪዲዮውም ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል። ልማዱ ይቀጥል ወይስ ይቁም? የማንንም ስም ሳትጠሩ ተወያዩ።

ወንጌላዊው፦ ይቀጥል። በጌርጌሴኖን አገር አጋንንት የወጡለት ሰው የተላከው በዚያው ዕለት ነው (ማር. 5)። ሳምራዊቷ እንስራዋን ትታ ወዲያው ከተማ ገባች። ጳውሎስም ደማስቆ ላይ ዓመት አልጠበቀም። «አሮጌው ነገር አልፎአል» ብለን እያስተማርን ሰውየውን ዝም በል ማለት፣ ያለፈው ገና እንደሚያሳፍረው መንገር ነው።

ሰናይት፦ ወንድሜ፣ የጌርጌሴኖኑ ሰው የተላከው ወደ ገዛ ቤቱ ነው፤ በመቃብር መካከል ሲጮኽ ወደሚያውቁት ሰዎች። እነሱ ለውጡን በዓይናቸው ማየት ይችላሉ። ጳውሎስም ቢሆን ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው (ገላ. 1፥18)፤ እዚያም በርናባስ ባይመሰክርለት ደቀ መዛሙርቱ ፈርተውት ነበር። በ325 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ሁለተኛው ቀኖና (ደንብ) በቅርብ ያመነን ሰው ቶሎ ለክህነት ማብቃትን የከለከለው ችግሩ ያኔም ስለነበረ ነው።

የወህኒ ቤት አገልጋይ፦ እኔ ከተግባሩ ልነሳ። የተፈታ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያድርበት ቤት፣ መታወቂያና የቀን ሥራ ነው። እነዚህ ሳይሟሉ መድረክ ከተሰጠው ምስክርነቱ እንጀራው ይሆናል። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ትጋብዘዋለች፤ የትራንስፖርት ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ሌላዋ ትጠራዋለች። አድማጭ የሚደነግጠው በጭካኔው ክፍል ስለሆነ ታሪኩ በየመድረኩ ያድጋል፤ ያልዘረፈውን ዘርፎ ያልገደለውን ገድሎ ይገኛል። ፖስተሩ ላይ የሚጻፈውም «የቀድሞው ወንበዴ እገሌ» ነው። አዲስ ፍጥረት ያልነውን ሰው በአሮጌው ስሙ እየጠራን እናስተዋውቀዋለን! ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ነርስ፦ «ነፃ ወጣ» ተብሎ በችኮላ ሲታወጅ የሚመጣ የሕክምና አደጋም አለ። በየቀኑ አረቄ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊይዘው ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ይገድላል። ጋኔን ተመለሰበት ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲጸለይለት ከማደር ቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት፤ ጸሎቱ እዚያም አይከለከልም። ጫት ያቆመውንም ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ቅዠቱና ድብርቱ የሚጠበቅ ነው። አስቀድሞ ካልተነገረው «አልዳንኩም ማለት ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

የንስሐ ልጅ፦ በእኛ በኦርቶዶክሱ ቤት ኃጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው፤ ቀኖና (የንስሐ ሥራ) ይሰጣል፣ ምሥጢሩም ይጠበቃል። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም የወንበዴዎች አለቃ የነበረ ሰው ነው። በግብፅ አስቄጥስ በረሃ ለዓመታት ተጋድሎ ካህን ሆነ እንጂ ዝናውን ይዞ አልዞረም።

ወንጌላዊው፦ ታዲያ እኅቴ፣ ሙሴ ወንበዴ እንደነበር እኔና አንቺ እንዴት አወቅን? ተነግሮ አይደለም? ታሪኩ ቢደበቅ ኖሮ ዛሬ ስንቱን ተስፋ የቆረጠ ሰው ባላጽናና ነበር።

የንስሐ ልጅ፦ ተነግሯል፤ ልክ ነዎት። የተነገረው ግን ፍሬው ታይቶ፣ አብረውት በኖሩት ሰዎች አፍ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ መድረክ ላይ የተነገረ ወንጀል ይርጋው (ሕጉ ለክስ የሰጠው የጊዜ ገደብ) ካላለፈበት ምርመራ ሊያስከፍት፣ ቪዲዮውም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የግብረ አበሮችን ስም መጥራት ደግሞ የስም ማጥፋት ክስ ያመጣል። ቀራጩ ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ለተበደሉት ነው፤ ስለዚህ የተወሰደ ንብረት ካለ በሽማግሌዎች በኩል፣ በጽሑፍና በምስክር መመለስ ይቅደም፤ ከባድ ወንጀል ከሆነ ከጠበቃ ጋር መማከር። በጉባኤ ፊት የተዘረፈው ሰው አለመኖሩን አትርሱ።

ሰናይት፦ እንግዲህ የምለው ይህን ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት የደቀ መዝሙር ትምህርትና ቋሚ አማካሪ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ምስክርነቱን አስቀድመው ይስሙ፤ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ፤ ስለ ድሮው አጭር ይሁንና ሰፊው ጊዜ ክርስቶስን ስላገኘበትና አሁን ስለሚኖርበት ኑሮ ይዋል። የስርቆቱ ስልት፣ የጠንቋዩ ሰፈር፣ የሚስቱ ገመና አይነሳ። ለቪዲዮ የተለየ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የትዳር ጓደኛም ትስማማ። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሰደቡት በዚያ ቪዲዮ ነው።

ወንጌላዊው፦ በቪዲዮው ተስማምቻለሁ። አንድ ዓመቱን ግን አልቀበልም። ለጥምቀት የሚቀርብ ሰው በጉባኤ ፊት ጌታን መመስከሩ የት ሊገባ ነው?

ሰናይት፦ እምነቱን ይመስክር፤ እሱ መጠበቅ የለበትም። የሚጠብቀው ዝርዝር ታሪኩ ነው።

ወንጌላዊው፦ ወህኒ ውስጥስ? እዚያ ያለፈውን የማያውቅ የለም።

የወህኒ ቤት አገልጋይ፦ እዚያ ዓመት ጠብቅ አትበሉት፤ በዚህ ከወንጌላዊው ጋር ነኝ። አብረውት የታሰሩት ሲጣላ፣ ሲምል፣ ቁማር ሲጫወት ያዩት ናቸው፤ በአመነ ማግሥት ለምን እንደተወ ይጠይቁታል፤ መመለስም አለበት። ከዋሸም በዚያው ቀን ያውቁበታል። ከእስር ሲወጣ ግን ካሜራው በር ላይ አይጠብቀው።