ፍሬሽማን ልገባ ነው፤ ምን ልያዝ? ከምን ልጠንቀቅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል። ምን ይዤ ልሂድ? ዲፓርትመንት (የትምህርት ክፍል) የሚመደበው በጂፒኤ (በአማካይ ውጤት) ነው ሲባልም ፈራሁ።

መልስ 1፦ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፤ ኦሪጅናሉን ከኮፒው ጋር። 3 በ 4 ጉርድ ፎቶ በርከት አድርገህ ያዝ። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ከቤት ይመጣል። የዶርም ቁልፍ ራስህ ግዛ። ኦሪጅናሉን ለማንም አታበድር!

መልስ 2፦ ጂፒኤውን በስሌት እየው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ነው፤ በክሬዲቱ (ኮርሱ በሚይዘው ክብደት) ይባዛል። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ፣ ባለ 3ቱ ላይ ኤ ብታመጣ 8 ሲደመር 12፣ ለ7 ሲካፈል 2.86 ነው። ብትገለብጠው 3.14 ይሆናል። ስለዚህ ጥናትህን ክሬዲቱ ወደሚከብደው አዘንብል። ፋይናል ብቻ አትጠብቅ፤ ኩዊዝና አሳይመንትም አትናቅ። የመጀመሪያ ቀን ኮርስ አውትላይኑን (የኮርሱን ዝርዝር እቅድ) ተቀበል፤ የእያንዳንዱ ፈተና ድርሻ እዚያ ተጽፏል።

ጠያቂ፦ ታምሜ ፋይናል ቢያመልጠኝስ?

መልስ 3፦ በዚያው ቀን ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂድና ማስረጃ ያዝ፤ ከዚያ ለመምህሩና ለዲፓርትመንቱ ማመልከቻ። ዝም ካልክ ኤንጂ (ውጤት የለም ማለት ነው) ይመዘገብብህና በጊዜው ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ይቀየራል። የወጪ መጋራት ውሉንም (ከምረቃ በኋላ የምትከፍለውን የወጪ ድርሻ የያዘውን) ሳታነብ አትፈርም፤ ምግብና መኝታ የሚሞላው እዚያ ላይ ነው፣ ነን ካፌ (በግቢው ካፌ ሳይሆን በራስህ መመገብ) ከመረጥክ በትክክል መመዝገቡን እይ።